አገዳው ውስጥ የገባችው ኳስ

የሜቲን ልብስ ላጥብላት ከሻንጣዋ እያወጣሁ ሳራግፍ፣ ከሱሪዋ ኪስ አንዲት ነጭ ኳስ ወደቀች፤ የጓሮውን ሲሚንቶ እየነጠረች ሄዳ የውሃ በርሜሉ ሥር ቆመች። ሌላ እናት ብትሆን የልጅ መጫወቻ ናት ብላ አንስታ መስኮት ላይ ታስቀምጣት ነበር። እኔ እጄ ላይ ያለው የሳሙና አረፋ እስኪደርቅ ቆሜ አየኋት። በኋላ ጎንበስ ብዬ አነሳኋትና ያን ጉድጓድ ጉድጓድ ያለ ገላዋን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት፤ ወደ አፍንጫዬም አስጠጋኋት። ሳር ሳር፣ ጎማ ጎማ ትላለች። ከዚያ ሥር ግን ሌላ ሽታ መጣብኝ፤ የሚነድ አገዳ ሽታ፣ ያ ጣፋጭ ሆኖ ጉሮሮ የሚያንቅ ጭስ። አዳማ መሀል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በግቢዬ አንድም የሚነድ ነገር ሳይኖር፣ እሳት መሀል እንደገባ ሰው ግራ ቀኜን አየሁ። ልጄ አደጋ ላይ መሆኗ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

ሜቲ የመጨረሻ ልጄ ናት። ላንጋኖ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ እንግዳ ተቀባይ ሆና ከገባች ዓመት አልሞላትም፤ በእረፍቷ ስትመጣ የቆሸሸ ልብሷን ትታልኝ የታጠበውን ይዛ ትሄዳለች። የሆቴሉ ባለቤት ከሐይቁ በላይ ያለውን ሜዳ አስጠርጎ የጎልፍ መምቻ እንዳደረገው ነግራኛለች። እንግዶቹ ይመታሉ ብዬ ነበር የተውኩት። እሷ ትመታለች ብዬ አላሰብኩም። ወዲያው ደወልኩላት።

«ይቺ ኳስ የማን ናት?» አልኳት።

«ውይ፣ እሷን ረስቻት ነው። የኔ ናት እማ። አሰልጣኛችን ሩቅ ትመቺያለሽ ብለው ሰጡኝ» አለችና ሳቀች። «ብቻ ወደ ቀኝ እየሄደች አስቸገረችኝ።»

ወደ ቀኝ ስትል የበርሜሉ ክዳን ላይ ቁጭ አልኩ። በማግስቱ ላንጋኖ ድረስ ሄጄ ላስቆማት ለራሴ ማልኩ፤ ለምን ብትለኝ የምመልሰው ግን አልነበረኝም። ነገሩ እኔ ዘንድ እንደ እፍረት ታሽጎ የኖረ ነው፤ ባሌም አያውቀውም፣ የነፍስ አባቴም አልሰሙትም።

ያደግኩት ከአዳማ ዝቅ ብሎ፣ አዋሽ ዳር፣ በሸንኮራ አገዳ እርሻ ካምፕ ውስጥ ነው። አባቴ ውሃ አጠጪ ነበር፤ የጎማ ቦቱን አጥልቆ አካፋውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ሲወጣ እናየዋለን፣ ጭቃ መስሎ ሲገባ እናየዋለን። ካምፑ አንድ ዓይነት ቤቶች በመደዳ የተደረደሩበት፣ ከቤቶቹ ወዲያ ቦይ፣ ከቦዩ ወዲያ አገዳ፣ ከአገዳው ወዲያም ሌላ አገዳ የሆነ አገር ነው፤ ዓለም አረንጓዴ ግድግዳ ያላት ይመስለን ነበር። አገዳው ሲደርስ ከመቆረጡ በፊት ቅጠሉ ይቃጠላል። ያን ሰሞን ጥቁር አመድ ከሰማይ እንደ ላባ እየተንሳፈፈ ይወርድና በተሰጣ አንሶላ ላይ፣ በተከፈተ ድስት ላይ፣ በሙሽራ ነጠላ ላይ ያርፋል። እናቶቻችን «ደግሞ ዘነበ» ብለው እፍ ይሉታል እንጂ አይገረሙም። የከተማ ልጅ ጭስ ሲሸተው ቀና ይላል፤ የካምፕ ልጅ ጭስ ሲሸተው ሥራውን ይቀጥላል።

የጥርሳችንም ነገር አለ። የዚያ አገር የጉድጓድ ውሃ ጥርስ ያበልዛል። ካምፕ ውስጥ ሁላችንም አንድ ስለሆንን አናውቀውም ነበር፤ አዳማ ገበያ ስንወጣ ነው የሚነግሩን። «የአገዳ ልጆች መጡ፣ ጥርሳቸውን ምን አቃጠለው?» እያሉ የከተማ ልጆች ሲከተሉን ትዝ ይለኛል። በዚያ ዕድሜ የለመድኩትን፣ ስስቅ አፌን በእጄ መሸፈኑን፣ እስከ ዛሬ አልተውኩትም። የሠርጌ ፎቶ ላይ እንኳ ያለሁት ከአፍንጫ በላይ ነው።

ከመደዳ ቤቶቹ መጨረሻ እትዬ ዘሀራ ትኖር ነበር። ወሎዬ ናት፤ በልጅነቷ ሥራ ፍለጋ ወርዳ ከፈረንጆቹ ቤት ገረድ ሆና የገባች። እርሻው በዚያን ዘመን የፈረንጅ ነበር፤ እኔ ሳልወለድ ነው ጥለው የሄዱት። እመቤቷ ጎልፍ የሚሉትን ጨዋታ የምትወድ ሴት ነበረች፤ ብቻዋን መምታት ሲሰለቻት ዘሀራን ትጠራና እስቲ አንቺም ሞክሪ እያለች ታስመታት ነበር። አገር ለቀው ሲሄዱ ለወጥ ሠሪዋ ብርድ ልብስ፣ ለዘሀራ አንድ የጎልፍ ዱላ ሰጡ፤ ራሱ እንጨት፣ ዘንጉ ብረት፣ መያዣው ቆዳ የተጠቀለለበት። ካምፑ በዚህ ዱላ ስንት ዓመት ሳቀ። እሷ ደግሞ መልስ አታጣም። «ብርድ ልብሱ አለቀ። ዱላዬ ይኸው» ትላለች። ሰው የሚያያት ማንጎ ስታወርድበትና ጅብ የሚያካክሉትን የካምፕ ውሾች ስታባርርበት ነው። ሥራዋ የእንግዳ ማረፊያውን አንሶላ ማጠብ ነበር፤ ባሏ ቀድሞ ሞቶባት፣ ልጅ ሳትወልድ፣ ሌላ ባል እምቢ ብላ፣ ብቻዋን ነው የምትኖረው።

ከእንግዳ ማረፊያው ጀርባ ፈረንጆቹ ሲጫወቱበት የነበረው ሜዳ ነበር። ሳሩ አድጎ የከብት ግጦሽ ሆኗል፤ በግራው ዋናው ቦይ ይሄዳል፣ በቀኙ አገዳ ቆሟል፣ ከወዲያ ማዶ አንድ ትልቅ ግራር አለ። አንድ ቀን የጠፋች ፍየል ፍለጋ፣ ሰው ሁሉ ከሙቀቱ ሸሽቶ ቤቱ በተከተተበት ሰዓት፣ እዚያ ደረስኩ። እትዬ ዘሀራ ቀሚሷን ሰብስባ መቀነቷ ውስጥ ሻጥ አድርጋ፣ ባቷ ወጥቶ፣ እግሯን ከፈት አድርጋ ቆማለች። ዱላው ከኋላዋ ቀስ ብሎ ወጣ፣ ሲመለስ ግን አላየሁትም፤ ጧ የሚል ድምፅ ብቻ ሰማሁ። ኳሷ እንደ ወፍ ተነሳች፣ ሰማይ ላይ ያረፈች መሰለች፣ ከዚያ ግራሩን አልፋ ወደቀች። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ነገር አይቼ አላውቅም ነበር።

«ፍየልሽ ቦዩ ዳር ናት» አለችኝ፣ ዞር ሳትል።

ፍየሏን ረሳኋት። እትዬ ዘሀራ አንዴ እኔን፣ አንዴ መንገዱን አየችና ዱላውን ዘረጋችልኝ።

ኳሶቿ ጥቂት ነበሩ፤ ቦይ ሲጠረግ ከጭቃ የተለቀሙ፣ እንደ እኛ ጥርስ የበለዙ። የትም ሱቅ አይሸጡም። ስለዚህ የተመታ ኳስ ሁሉ ተፈልጎ ይመጣል፤ አንድ ከጠፋች ጨዋታው ያንን ያህል ያጥራል። ኳሷን በትንሽ የጭቃ ጉብታ ላይ፣ ከግራ ተረከዜ ትይዩ ታስቀምጥልኛለች። እኔ ርቀት ከክንድ የሚመጣ መስሎኝ ባለ በሌለ ኃይሌ ስሰነዝር፣ አንዴ ኳሷ እግሬ ሥር ትንከባለላለች፣ አንዴ ደግሞ ዱላው አየሩን ቀዝፎ እኔኑ ያሽከረክረኛል። እትዬ ዘሀራ ሆዷን ይዛ ትስቃለች።

«ክንድሽን ማን ጠየቀሽ?» ትለኛለች። «ጀርባሽን አምጪ። ደግሞ ዱላውን እንደ ጎረቤት ልጅ ያዢው፤ እንዳይወድቅብሽ፣ ግን እንዳታስለቅሺው።»

እንደዚያ ሆኜ ተማርኩ። ጀርባዬ ግራሩን እስኪያይ ከወገቤ መዞር፣ ክብደቴን ቀኝ እግሬ ላይ አሳርፎ ሳይቸኩሉ ወደ ግራ ማሻገር፣ እንስራ ከትከሻ ትከሻ እንደሚያዛውር ሰው፤ ዱላው እኔን እንዲከተል እንጂ እኔ ዱላውን እንዳልከተል። ከመታሁም በኋላ ወዲያው ቀና ማለት አይቻልም። «እንግዳ ሸኝተሽ ደጅ ላይ ትንሽ እንደምትቆዪው ነው» ትላለች፤ «ቦታዋን እያት፣ ወዴት እንደሄደች እኔ እነግርሻለሁ።» የመጀመሪያዋ ኳስ በትክክል የተመታችልኝ ቀን እጄ ላይ ምንም አልተሰማኝም። መምታት ከባድ ነገር መስሎኝ ነበር እንጂ፣ በደንብ መምታት እንዲህ ቀላል መሆኑን ማን ነግሮኝ።

ርቀቱ መጣ። መስመሩ ግን እምቢ አለኝ። ኳሴ ቀጥ ብላ ትነሳና መንገድ ላይ ሐሳቡን እንደለወጠ ሰው ወደ ቀኝ ታጋድላለች፤ አገዳው ውስጥ ጭልጥ። «ሩቅ መሄድማ እብድም ይሄዳል» ትላለች እትዬ ዘሀራ፣ «ያሉት ቦታ መድረስ ነው እንጂ።» ግራሩን አሳይታኝ፣ ከግራሩ እስከ ኳሴ ባለው መስመር ላይ አጠገቤ ያለ አንድ ነገር እንድመርጥ ታዘኛለች፤ ጠጠር ይሁን የፍየል በጠጥ ግድ የለም፤ ኳሷን በዚያ በኩል ማሳለፍ ነው፣ ሩቁን መርሳት። ይህም ረዳኝ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አላዳነኝም። አንድ ቀን ከኋላዬ ቆማ ለረጅም ጊዜ ስታየኝ ቆየችና ችግሩን አገኘችው።

«ልትመቺ ስትይ እጅሽ ይጨብጣል፤ እጅ ሲጨብጥ ኳሷ አገዳ ውስጥ ናት። ምን ፈርተሽ ነው፣ ታዱ?»

ኳሷ ላይ ጎንበስ አልኩ። የፈራሁት እናቴን ነው።

እናቴ ክፉ ሴት አልነበረችም። ከሸዋ ደጋ ተነስታ ያን ሙቀት የቻለችው ባሏንና ስሟን ይዛ ነው። ስም ስል፣ «የእገሌ ልጅ ጨዋ ናት» የሚባለውን ማለቴ ነው፤ ሌላ ያላት ነገር አልነበረም። ሴት ልጇ እግሯን ከፍታ ዱላ ስትወነጭፍ ታየች ቢባል በምን ዓይኗ የቦኖ ውሃ ወረፋ ላይ ትቆማለች? እኔም ይህን አውቅ ነበር። ስለዚህ ከቤት ስወጣ ቅጠል ለቀማ ነው እላለሁ፣ ስመለስ ቅጠል ይዤ እመለሳለሁ፤ ፍየሎቻችን ያን ዓመት የጠገቡትን ያህል ጠግበው አያውቁም። ደስታዬ ሁሉ ከእፍረት ጋር ተገምዶ ስለነበር አንዱን ከሌላው መለየት አልችልም ነበር።

የመጨረሻው ቀን እትዬ ዘሀራ «የአስር ሶላት ሰግጄ እመጣለሁ፣ አንቺ ቅጠልሽን ሰብስቢ» ብላኝ ወደ ቤቷ ሄደች። ዱላውን ጉቶ ላይ አስደግፋ ነው የተወችው። ቅጠሉን ልሰብስብ አልኩ፤ አንዲት ኳስ ደግሞ ጉብታው ላይ ቀርታለች። አነጣጠርኩ፣ ጠጠሬን መረጥኩ፣ ዞርኩ። ስትነሳ እንዴት አማረች። ከዚያ ወደ ቀኝ።

የገባችበትን አይቼ ስለነበር ዱላውን ጥዬ ተከትያት ገባሁ። የደረሰ አገዳ ውስጥ ገብታችሁ ታውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ ከራስ በላይ ነው፣ ቅጠሉ እንደ ምላጭ ነው፣ ከገቡ በኋላ ሰማይ እንጂ ሌላ አይታይም። ጎንብሼ ስፈልግ ሳይረን ጮኸ። የካምፕ ልጅ ሳይረን ከጆሮው አይጠፋም፤ ለፈረቃ ይጮሃል፣ ለምሳ ይጮሃል፣ ለማቃጠልም ይጮሃል። የፈረቃ መስሎኝ መፈለጌን ቀጠልኩ። አመዱም ከትናንት ጀምሮ ሲወርድ የዋለ ነው፤ ጭሱም ከትናንት የሸተተን ነው። የእርሻው ጠባቂ በደንቡ መሠረት በብስክሌት ዙሪያውን እየዞረ ፊሽካ ነፍቷል፤ እኔ በበኩሌ በጭስ ያደግኩ ስለሆንኩ አንድም ነገር አልጠረጠርኩም። አይጦች በእግሬ ላይ እየዘለሉ ሲያልፉ ነው ቀና ያልኩት። አገዳ ሲቃጠል ከዳር ዳሩ ነው የሚለኮሰው፤ እሳቱ መሀል ላይ ይገናኛል። መሀል ላይ ደግሞ እኔ ነኝ።

ከዚያ እሳት እንዴት እንደወጣሁ በካምፑ ውስጥ የጠየቀኝ ሰው የለም። ሁሉም የጠየቁት ምን ልትሠራ ገባች የሚለውን ነው።

ሰዉ ተሰብስቦ ሲከበን እኔ በሳል ታንቄ ድምፄ ጠፍቷል። እትዬ ዘሀራ ከአናት እስከ እግሯ ርሳ፣ ቀሚሷ እንደተሰበሰበ፣ ባቷ እንደታየ፣ ራሱ የተገነጠለ ዱላ ይዛ ቆማለች። ዋሽታ ማምለጥ ትችል ነበር፤ ፍየል ልትፈልግ ገብታ ነው ብትል ማን ያውቅ ነበር።

«ኳስ ልታመጣ ነው የገባችው» አለች። «ኳስ መምታት እያስተማርኳት ነበር።»

ከዚያ ከኋላ አንዱ አገዳ ቆራጭ «ዘሀራ፣ ባል እምቢ ያልሽው ለካ ዱላውን አግብተሽ ነው» አለ፤ ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። በዚያ ሳቅ መሀል እናቴ ደረሰች። ነጠላዋ ወድቋል፣ በባዶ እግሯ ነው የሮጠችው። ወደ እኔ የምትመጣ መስሎኝ እጄን ዘርግቼ ነበር። በአጠገቤ አልፋ እትዬ ዘሀራ ፊት ቆመች።

«አንቺ መካን» አለቻት፣ «የልጅን ነገር ከየት ታውቂዋለሽ?»

ሳቁ ቆመ። እትዬ ዘሀራ ቀሚሷን ከመቀነቷ ውስጥ መዘዘችና እስከ ቁርጭምጭሚቷ ለቀቀችው፤ እጥፋቱን በእጇ አስተካከለች። ከዚያ በሰዉ መሀል ወደ ቤቷ ሄደች።

ካምፕ ውስጥ አንድ ነገር ከተባለ ቀርቶ አይቀርም። ልጆች ባለፈች ቁጥር በእንጨት ኳስ የመምታት ምልክት ያሳያሉ፤ ሴቶቹ ሲያዩዋት ወሬያቸውን ያቋርጣሉ። ክረምቱ ሳይገባ ዕቃዋን በጋሪ ጭና ሞጆ ሄደች። መኪና መቆሚያው ጋ ለሾፌሮች ሻይ ትሸጣለች ሲሉ ሰማሁ፤ ካገባሁ በኋላ ሄጄ ባፈላልጋት ባቱ ገብታለች አሉኝ፤ ባቱ ደግሞ የሚያውቃት አላገኘሁም። እናቴ እስክትሞት ዘሀራ የሚለውን ስም በቤታችን አላነሳችም። ልጇን ላተረፈች ሴት ያን ቃል የሰጠች እናቴ ናት፤ እናትን ደግሞ ለሰው አያሙም። ያ እፍረት የት ይሂድ? እኔ ላይ ቀረ። ከአምስተኛ ክፍልም የቀረሁት በዚያው ዓመት ነው፤ እናቴ ከዓይኗ ልታርቀኝ አልፈለገችም።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ ነው ወደ ላንጋኖ የሄድኩት። ከአዳማ በሚኒባስ ሞጆ፣ ከሞጆ መቂ፣ ከመቂ ባቱን አልፎ፤ መንገዱን ሙሉ የምናገረውን በልቤ እየደገምኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ የምጸልይ መስሏቸው «እግዜር ይስማሽ» አሉኝ።

ሜዳው ላይ ስደርስ ሜቲ ዱላ ይዛ ጎንበስ ብላለች። ከጎኗ ፀጉራቸው የሸበተ ሰውዬ ቆመዋል፤ አቶ ደረጀ የምትላቸው አሰልጣኝ እሳቸው ናቸው። ጥላ ሥር እንግዶች ተቀምጠው ይጠጣሉ።

«ልጄን ማነው እዚህ ያቆማት?» አልኩ፣ ከሩቅ ጀምሬ።

ሰውዬው ኮፍያቸውን አወለቁ። «እኔ ነኝ እህቴ። ደህና ዋሉ» አሉ።

«እማ፣ በናትሽ፣ ሰው እያየ ነው» አለች ሜቲ፤ ፊቷ የእኔን ፊት መስሎ ነበር፣ የዚያን ቀኑን።

ቀጥሎ የምለው ቃል ምላሴ ላይ ደርሷል። የሰው ልጅ ማበላሸት ምን ይሉታል፣ የራስዎ ልጅ የለዎትም ወይ ልላቸው ነበር። ከአፌ ሳይወጣ ሰማሁት፤ ድምፁ የእናቴ ድምፅ ነው። በባዶ እግሯ የሮጠችው፣ ነጠላዋ የወደቀባት፣ በፍርሃት ዓይኗ የታወረባት እናቴ። ለስንት ዓመት ያፈርኩባትን ሴት ሆኜ ቆሜያለሁ። እጄ በልማዱ ወደ አፌ ሄደ፤ ይህን ጊዜ ጥርሴን ሊሸፍን አልነበረም።

አቶ ደረጀ ጨዋ ሰው ናቸው፤ እኔ ምንም ያላልኩ ያህል ወሬ አመጡ። «ጉልበት አላት፣ ተፈጥሮ ነው። ዱላውን ግን ታንቀዋለች፤ ብነግራት ብነግራት» አሉ።

እኔም ሳላስበው ዞሬ «ምን ፈርተሽ ነው?» አልኳት።

ሜቲ በዱላው ጫፍ ሳሩን ጫር ጫር አደረገች። «አንቺን ነዋ» አለች። «ስታውቂ የምትቆጪ እየመሰለኝ።»

አቶ ደረጀ ኳስ የሚለቅሙ መስለው ራቅ አሉልን። እኔ የት እንደምገባ አጣሁ። ልጄ ፊት እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም፤ ዕድሜ ልኬን ከሰው ልሰውረው የሞከርኩት ፍርሃት በእጇ መዳፍ ውስጥ ነው ያለው፣ ኳሷን ወደ ቀኝ የሚወስደው እሱ ነው።

«አልቆጣም» አልኳት፣ እጇን በእጄ ያዝ አድርጌ። «ዱላውን እንደ ጎረቤት ልጅ ያዢው። እንዳይወድቅ፣ ግን እንዳታስለቅሺው።»

«ምን?» ብላ ቀና ብላ አየችኝ። «አንቺ ደግሞ ጎልፍ የት ታውቂያለሽ?»

«መጀመሪያ ምቺ።»

መታች። አጋደለች፣ ግን ብዙም አይደለም፤ ዳር ያለው ግራር ላይ አርፋ አንድ አባ ኮዳ ትልቅ ክንፉን ዘርግቶ ተነጫንጮ ተነሳ። አቶ ደረጀ ከሩቅ «ይቺኛዋ ትሻላለች» ብለው ጮኹ። ከዚያ ሳሩ ላይ ተቀመጥንና ለሰው ያልነገርኩትን ለልጄ ነገርኳት። ካምፑ ዛሬ ያ ካምፕ እንዳልሆነ፤ ፈረንጆቹ የተጫወቱበት ሜዳ ታርሶ አገዳ እንደሆነ፣ ትልቁ ግራር ከሰል እንደሆነ፤ እትዬ ዘሀራ በሕይወት ትኑር አትኑር እንደማላውቅ፤ ኖራም ከሆነ ጉልበቷን አሟት፣ ማን እንደሆነች በማያውቅ ሰው በር ላይ ተቀምጣ እንደሚሆን። እንዲህ ያለች መምህር በዕድሜ አንዴ እንኳ የምትገኘው ለስንቱ ነው? እኔ አገኘሁ፤ አንድ ዓመት እንኳ ሳይሞላኝ በሳቅና በአንድ ቃል አጣኋት። ያጣሁት እሷን ብቻ አይደለም፤ ያቺን ሳትፈራ የምትዞር ልጅም ነው።

ሜቲ ሁሉን ሰማችና «እማ፣ ግን ከእሳቱ እንዴት ወጣችሁ?» አለችኝ።

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው የኖርኩ መሆኔን ያወቅኩት ስጠየቅ ነው። የወጣነው እንዲህ ነው። ጭሱ ሲወፍር ረድፉን ትቼ በየአቅጣጫው ሮጥኩ፤ ቅጠሉ ፊቴን ሲቆራርጠኝ፣ የአገዳው አንጓ እንደ ጥይት ሲፈነዳ፣ መውጫው በየት እንደሆነ ጠፋኝ። ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ከሩቅ አንድ ድምፅ መጣ፤ ድም፣ ድም። እትዬ ዘሀራ ከሶላት ስትመለስ ዱላውን አይታለች፣ እኔን አላየችም፣ እሳቱን አይታለች። ስሜን ብትጠራ በዚያ ጩኸት እንደማልሰማት ገብቷት ገና ባልተለኮሰው የአገዳው ዳር በሚሄደው ሌላ ቦይ ላይ ወዳለው የብረት የውሃ በር ሮጣ፣ ዱላውን እንዳስተማረችኝ ከኋላዋ አዙራ፣ ከጀርባዋ አምጥታ፣ ብረቱን መምታት ጀመረች። የእንጨቱ ራስ ሲረግፍ ዘንጉ ብረት በብረት ሆነና ድምፁ ይበልጥ በረታ። ተነሳሁ። በየት እንደምሄድ አላይም፤ ድምፁ ባለበት በኩል ብቻ አጠገቤ ያለውን አንድ አገዳ እመርጣለሁ፣ እሱ ጋ እደርሳለሁ፣ ደግሞ ቀጣዩን እመርጣለሁ። ድምፁ አላቋረጠም፣ አልፈጠነምም። ሙቀቱ ጀርባዬን ሲገርፈኝ የመጨረሻውን አገዳ ጥሼ ወጣሁና እግሬ መሬት አጣ፤ ቦዩ ውስጥ ወደቅኩ። ዱላውን እንደያዘች ዘላ ገብታ አንገትጌዬን ጨመደደች፤ ፊቴን፣ ፀጉሬን፣ እጄን አገላብጣ አየች።

«ተቃጠልሽ?» አለችኝ።

አልተቃጠልኩም ለማለት ራሴን ነቀነቅኩ።

«በቃ አብሽሪ» አለች፤ እሷም ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው። «አብሽሪ፣ የኔ ልጅ።»

ሰው ገና አልመጣም። እናቴም ገና አልደረሰችም። ውሃው እስከ ደረቴ ነው፣ ይቀዘቅዛል፤ እሳቱ ከወዲያ ነው፣ እኛ ከወዲህ ነን። ወጥቻለሁ። ደህና ነኝ።